ነጎድጓድ ሲመጣ የነቀልኩት ሶኬት

አባቴ ጉሮሯቸው ውስጥ የበቀለ ነገር አለና ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ነበር። ሐኪሙ «ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል» ሲላቸው ከሳቸው በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ደሴ እቤታችን ምግብ ተበልቶ ያለ እሳቸው ዱአ ማንም ከቦታው አይነሣም። ከልጅነቴ ጀምሮ እኔ ፈሪዋ በዚያ ድምፅ ተከልዬ ነው የኖርኩት።

ኮምቦልቻ የምትማረው ልጄ ዱአውን ልትቀዳ ብላ መዳፍ የምታህል፣ ሽፋን እንኳ የሌላት ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ማይክ ሰካችባት።

«በስልክሽ አይሆንም?» አልኳት።

«የአባባ ድምፅ ስስ ሆኗል እማ። ስልኬ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋዋል።»

ቀድታ ስታሰማን ግን ከአባቴ ድምፅ በላይ እዝዝዝ የሚል ነገር ሞላው። ማይኩን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ በነጠላዬ ጠቀለለችው። ያው ነው።

«ንብ ነው እንዴ የቀዳሽው?» አሏት አባቴ። ሲስቁ ሳል ያዛቸው። ሌላ ቀን የለንም፤ በማግስቱ ሆስፒታል ይገባሉ።

እንደገና ሊጀምሩ ሲሉ ከጦሳ ተራራ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። መብረቅ ነፍሴን ነው የሚያወጣው። ነጎድጓድ ከሰማሁ ቲቪውንም ፍሪጁንም ከሶኬት እነቅላለሁ፤ ዘልዬ የእሷንም ቻርጀር ነቀልኩት። ኮምፒውተሯ ጠፋች።

«እማ! ምን ሆነሻል?»

«ይቃጠላል! አባቴንም ይዞ!»

«እናትሽ እኮ ጥላዋ ሲከተላትም ትሮጣለች» አሉ አባቴ።

ልጄ መልሳ ልትሰካው ስትል እጇን ያዝኩ። ተናዳ ከቦርሳዋ ፓወር ባንክ አወጣችና በሱ አስነሣቻት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትንሽ ሞከረች። አውልቃ ለኔ ሰጠችኝ። እዝታው የለም።

«ለካ በቻርጀሩ አድርጎ ከግድግዳው ኮረንቲ ነው የሚመጣው!» አለች። «በሉ አባባ፣ ቶሎ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሳይመታው!»

አባቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም ዘረጋን። ለሞቱት፣ ለመንገደኛው፣ ለሐኪሙም አደረጉ። መጨረሻ ላይ «ይቺን ፈሪ ልጄን ልቧን አጽናላት» አሉ። «አሚን» ስል ዝናቡ ወረደ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። አሁን ምሳ በልተን ስንጨርስ ልጄ ስልኬ ላይ የጫነችልኝን ያንን ቅጂ እከፍታለሁ። አባቴም ከኛ ጋር እጃቸውን ዘርግተው፣ ለገዛ ዱአቸው በከንፈራቸው አሚን ይላሉ።