ነርሷ ባንኮክ የተማረችው አማርኛ

ባንኮክ የሄድነው ለሽርሽር አይደለም፤ አያቴ ታመው ነው። ግን እውነቱን ልናገርና፣ አውሮፕላኑ ከዳላስ ኤርፖርት ሲነሳ ደስታዬን መደበቂያ አጥቼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዳላስ ዳር ባለችው ዋይሊ ከተማ፣ እኛ ሰፈር የሚንቀሳቀስ ነገር መኪና ብቻ ነው። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቤት፤ ዓለምን በመኪና መስኮት እያየሁ ነው ያደግኩት። አባቴ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት አውቶቡስ ስለሚነዳ በየቀኑ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይሸኛል፣ እሱ ግን የትም አይሄድም። ያን ቀን ሊለየን ሲል እናቴን አቀፋት። እኔን ግን «ስሚ፣ አንቺ እዚያ አስተርጓሚ ነሽ፤ ቱሪስት አይደለሽም» አለኝ። እኔ በልቤ ሁለቱንም ለመሆን ወስኛለሁ።

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው። አባባ ነው የምላቸው። አሁን የሉም፤ ይድናሉ ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ እንዳይኖር ይህን ቀድሜ ልናገር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ በዚያ ዓመት ሆዳቸው ማበጥ ጀመረ፤ ዓይናቸውም ቢጫ ሆነ። ወደ እኛ እንዳናመጣቸው ቪዛው አልተሳካም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሐኪሞች ሲጨንቃቸው «ከቻላችሁ ባንኮክ ውሰዷቸው» ይላሉ። እሳቸው ከዚያ፣ እኛ ከዚህ ተነሥተን፣ ማናችንም በማናውቀው ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ተገናኘን። ዊልቼር ላይ ሆነው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ይቺ ናት? ፎቶው ላይ አጭር ነበረች» አሉ።

የባንኮክ ሙቀት እንደ ቴክሳስ አይደለም። የቴክሳስ ሙቀት ይመታሻል፤ የባንኮክ ይልስሻል። ግን በእግር ይኬዳል። ይህን ለዳላስ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ከበር ወጥተሽ በእግርሽ ሄደሽ የሆነ ቦታ ትደርሻለሽ። ከራስሽ በላይ ባቡር ያልፋል፤ ከእግርሽ በታች ባለው ጥቁር ቦይ ጀልባ ሰው አጭቆ ይበርራል። በየሕንፃው ደጅ የአሻንጉሊት ቤት የሚያህል መቅደስ አለ፤ ፊቱ ላይ ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው ተከፍቶ ይቀመጣል፣ ለመናፍስቱ። ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው ጠባብ መንገድ ግን የእኛ ነበር ማለት ይቻላል። የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፣ የሐበሻ እንግዳ ማረፊያ አለ፣ የራጅ ፊልም በትልቅ ፖስታ አቅፈው የሚሄዱ ነጠላ የለበሱ ሴቶች አሉ። ማንም ማንንም «ምን አመመው?» ብሎ አይጠይቅም። «እንዴት አደሩ?» «ደህና ናቸው፣ ተመስገን።» ከዚያ አንዷ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ሌላዋ ሾርባዋን ይዛ ትሄዳለች።

ስለ እናቴ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ዳላስ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በሽተኛ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። ከሥራ ስትመለስ በጣም የሚያናድዳት ድካሙ አይደለም። «ፊት ለፊት ነገሩት እኮ» ትላለች ጫማዋን እያወለቀች። «ዶክተሩ የበሽተኛው አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ‹ትሞታለህ› አለው። እንዲህ ይባላል ለሰው?» በእሷ ቤት በሽተኛ አይነገረውም። ቤተሰብ ያውቃል፣ ቤተሰብ ይሸከማል፣ በሽተኛው ይበላል ይተኛል። ለዚህ ነው የሆስፒታሉን አማርኛ አስተርጓሚ ያልፈለገችው፤ ባዳ ነው፣ የሰማውን ሁሉ ይናገራል። እኔ ግን ልጇ ነኝ።

ዶክተሩ እናቴንና እኔን ቢሮው ጠርቶ ነገረን። ወጣት ነው፣ ድምፁ ለስለስ ያለ። ጉበት ላይ የጀመረ ካንሰር ነው፤ ወደ ሌላም ቦታ ሄዷል። ሰኞ የሚጀመር መድኃኒት አለ፤ ጥቂት ወራት ሊጨምር ይችላል፣ ላይጨምርም ይችላል። ከተጀመረ ግን ወደ አገር ለመመለስ አቅም ላይኖራቸው ይችላል። ውሳኔው የራሳቸው የታካሚው ነው አለ፣ ሁለቴ።

ከቢሮው እንደወጣን እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ስሚኝ። ጨጓራ ነው። ቁስለት። የሰኞውም የቁስለት መድኃኒት ነው። ሌላ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

«ማሚ፣ ዶክተሩ እኮ እሳቸው ይወስኑ ነው ያለው።»

«ዶክተሩ የማን ልጅ ነው? እኔ ነኝ ልጃቸው።»

የፈራችው ግልጽ ነው። አባባ ካወቁ ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት። ከመጡ ጀምሮ በየቀኑ «መቼ ነው የምገባው?» ይሏታል። አንድ ቀን ምሳቸውን እየገፉ፣ እንደ ቀልድ አድርገው «እኔ አውቶቡስ ጣራ ላይ ሬሳ ጭኜ አውቃለሁ፤ መንገዱ ይረዝማል። እኔን ማንም እንዳይጭነኝ» ብለዋል። እናቴ ግን ወይ ታድናቸዋለች፣ ወይ ቢያንስ ሞክራ ታያለች። ለአባቷ ምንም ሳታደርግ ቀረች እንዳትባል፣ ወይም ራሷን እንዳትወቅስ። ስለዚህ እስከ ሰኞ ድረስ ማወቅ የለባቸውም።

በዚያ ፎቅ ይህን የምታደርገው እሷ ብቻ አልነበረችም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ጠያቂዎች ሲመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ያለቀሰው ፊቱን ያብሳል፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይይዝና፣ በጣም ቀስ ብሎ «እንዳትነግሩት» ይላል። ከዚያ ፈገግ ብለው ይገባሉ። የኛም ዘመዶች ነን የሚሉ የአዲስ አበባ ሰዎች ሲመጡ እናቴ እንደዚያው ታደርጋለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እናቴ ሾርባ ልታመጣ ወረደች። አባባ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው የታችኛውን መንገድ ያያሉ።

«እዚህ አገር መሪው በቀኝ ነው፣ አየሽ? አባትሽ ቢመጣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው የሚያልቅለት።»

«አባቴ ጥሩ ይነዳል።»

«እሱማ ሜዳ ላይ። ዓባይ በረሃን ይሞክራታ።»

ነርሷ ገባች። አጭር፣ ክብ ፊት ያላት ልጅ ናት፤ ፎቁን የሞሉት ሐበሾች ስለሆኑ ቃል ትለቅማለች። «ሰላም» ታውቃለች፣ «ውሃ» ታውቃለች፣ «ያማል?» ታውቃለች። ግሉኮሱን ቀየረችላቸው፣ ትራሳቸውን አስተካከለች። ከዚያ እንደ አገሯ ወግ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ገጥማ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷ እያበራ፦

«እንዳትነግሩት» አለቻቸው።

እኔ ወለሉን አየሁ።

«ምን አለች?» አሉ አባባ።

«አልሰማሁም።»

ነርሷ አነጋገሯ የተበላሸ መሰላት። እንደገና ጎንበስ ብላ፣ እየቆራረጠች፣ ጥንቅቅ አድርጋ ደገመችው። «እን-ዳት-ነግ-ሩት።»

አባባ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ «ጎበዝ በያት» አሉኝ። «ከማን ነው የተማረችው?»

በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። መለሰችልኝ። እኔም አስተርጓሚ መሆን ለምዶብኝ፣ ሳላስብበት፣ እንዳለችው ተረጎምኩት። «ከሐበሾች ሁሉ ነው ትላለች። ወደ በሽተኛ ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በፍቅር ይባባሉታል። ‹እግዜር ይማርዎት› ማለት ነው አይደል ትላለች።» ምን እንደተናገርኩ የገባኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

አባባ ሳቁ። ስቀው ስቀው ሳል ያዛቸው፤ ነርሷም ደስ ብሏት አብራ ሳቀች፣ ጀርባቸውን እየደገፈች። ሳሉ ሲተዋቸው «አዎ፣ ይማርህ ማለት ነው በያት» አሉ። «ደግሞ እንዳትተወው፣ አነጋገሯ ቆንጆ ነው።» ነገርኳት። በደስታ ወጣች፤ ወደሚቀጥለው ክፍል።

«በይ እንግዲህ» አሉ አባባ። «አንቺ ንገሪኝ።»

«ማሚ አሁን ትመጣለች...»

«እናትሽማ ከቢሮው ከወጣች ጀምሮ ዓይኔን አላየችም። እኔ የምፈልገው የዶክተሩን ቃል ነው። የእሷን ሰምቻለሁ።»

«ጉበት ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ካንሰር። ማለቴ... ስፕሬድ አድርጓል።»

«ምን አድርጓል?»

አማርኛው ጠፋኝ። እኛ ቤት የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ «ያደርጋል» ይጨመርበታል፤ ፓርክ ያደርጋል፣ ኮል ያደርጋል። ክፉ ነገር በአማርኛ ብቻ ተናግሬ አላውቅም ነበር። «ሄዷል» አልኩ መጨረሻ ላይ። «ወደ ሌላ ቦታም ሄዷል።»

«የት የት ቆመ?»

«ሳንባ። አጥንትም።»

«ፈጣን ነው» አሉ፣ ሾፌር ስለ ሾፌር እንደሚያወራ። «መድኃኒቱስ?»

እሱንም ነገርኳቸው፤ ሊረዳ እንደሚችል፣ ላይረዳም እንደሚችል፣ ከጀመሩ መመለስ ሊያቅታቸው እንደሚችል። «ዶክተሩ እርስዎ ይወስኑ ነው ያለው» አልኩ። ወደ መንገዱ ዞሩ። ታች አንድ አምቡላንስ መኪና መሀል ተቀርቅሮ ይጮሃል። እስኪያልፍ ድረስ አዩት።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉ።

«ምኑን?»

«ማወቄን።»

እናቴ ሾርባውን ይዛ መጣች። ጥቂት ማንኪያ ጠጡላትና አመሰገኗት። ከዚያ ሳህኑን ወደ ጎን አደረጉ።

«ልጄ፣ ጨጓራ ነው አይደል ያልሽኝ?»

«አዎ አባዬ። ቁስለት ነው።»

«ቁስለት ብቻ?»

«ቁስለት ብቻ።»

«ተመስገን። እኔ እኮ ክፉ ነገር መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ጨጓራ ከሆነማ እዚህ ምን ያደርግልኛል? መድኃኒቱን ይዤ ልግባ።»

«አይ፣ እዚህ ይሻላል። የሰኞው ሕክምና...»

«ለጨጓራ በሰው አገር ይተኛል? ሌላ ነገር ካለ ንገሪኝ። ሌላ ነገር ካለ እቆያለሁ፤ እምልልሻለሁ፣ ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ጨጓራ ብቻ ከሆነ ግን ልግባ።»

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ የአልጋውን ብረት አየሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀራት፤ ብትለው አባቷ ይቆዩላታል። በየቀኑ ሥራ ቦታዋ በእንግሊዝኛ የምትሰማው ቃል ነው። አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አባባም ጠበቋት፤ አላጣደፏትም።

«ሌላ ነገር የለም» አለች።

«እንግዲያው ቲኬቱን ቁረጪልኝ።»

የሳቸው አውሮፕላን ከእኛ ይቀድም ነበር። ኤርፖርቱ ውስጥ እናቴ ዊልቼራቸው ፊት ቁጢጥ ብላ የመድኃኒት ከረጢቱን ጭናቸው ላይ ከፈተች። ለሕመም ማስታገሻ የታዘዙት ሁሉ የጨጓራ ሆነዋል።

«ይቺ ነጯ ጠዋት፣ ከምግብ በፊት።»

«ነጯ ጠዋት፣ ከምግብ በፊት» አሉ አባባ፣ እንደ ተማሪ።

«ይቺ ማታ።»

«ይቺ ማታ። ጠላስ?»

«ጠላ አይሆንም አባዬ።»

«ጠላ አይሆንም። በርበሬስ?»

እናቴ ዚፑን ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው፣ እንደገና ዘጋችው። ዊልቼር የሚገፋው ሰውዬ ሰዓቱን ያያል።

«ደስ ያለዎትን ይብሉ» አለች። «ያሰኘዎትን ሁሉ ይብሉ አባዬ።»

አባባ ቀና ብለው አዩዋት። ይህንን አልደገሙትም። እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩና፣ ለሰውዬው በጣታቸው መንገዱን አሳዩት።