ጨረር ያልበገረው ፕላስቲክ

ከቀጨኔ በወጣሁበት ምሽት ዝናቡ ዶፍ ነበር፤ ከጎረቤት ግን አንድም የቀረ የለም። እናቴ ሻንጣዬ አልዘጋ እስኪል በሶና በርበሬ ጠቀጠቀችበት። ሸማኔው አባቴ የሸመነልኝን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ "ውድነሽ፣ ኬሚስትሪሽን ተምረሽ ነይ፤ በቃ" አለኝና ፊቱን አዞረ። የመንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝቼ ወደ ሶቪየት ኅብረት መሄዴ ነው።

እናንተዬ፣ ብርድ ማለት የእንጦጦ የሐምሌ ብርድ ይመስለኝ ነበር! እዚህ እኮ ሽፋሽፍት ላይ በረዶ ይሠራል። ጥቁሩ ዳቧቸው ኮምጠጥ ስለሚል ወደድኩት፤ በርበሬ ነስንሼበት ስበላ የክፍል ጓደኞቼ ውሃ ይዘው ይጠብቁኛል። ሰዉ መንገድ ላይ ሰላም አይልም፤ ጋቢዬ ሸርተት ካለ ግን የማላውቃት አሮጊት አስቁማ "ይበርድሻል!" ብላ ትቆጣኛለች።

የተመደብኩበት ላቦራቶሪ ሜምብሬን የሚባል ነገር ያጠናል። ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃው ያልፋል፣ ቆሻሻው ይቀራል። ጨረር ያለበትን ፍሳሽ እንዲያጣራ ሲፈለግ ግን ጨረሩ ራሱ ፕላስቲኩን ይበላዋል። የእኔ ሥራ ጨረር እያስመታሁ ምን ያህል እንደሚችል ማየት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ እንደ ደረቅ ቅጠል እጄ ላይ ተንኮታኮቱ። አስተማሪዬ ይህ ካልተሳካ ለከፍተኛ ትምህርት እዚሁ እንደማልቀር በግልጽ ነገረኝ።

በዚህ ላይ በጨረር እንደምሠራ ወሬው ኦብሼዢቲዬ ደረሰ፤ የተማሪዎች ማደሪያችን ማለት ነው። የማደሪያው ኃላፊ፣ ኮሜንዳንቷ፣ በር ላይ ቆመች።

"ጨረር ይዘሽ አትገቢም። ሌሎቹን ታስይዣቸዋለሽ።"

"ጉንፋን እኮ አይደለም፤ አይተላለፍም።"

"ታዲያ ፀጉርሽ ምን ሆኖ ነው የቆመው?"

"አፍሮ ነው! ስመጣም እንዲሁ ነበር!"

አላመነችኝም። አስተማሪዬ ላቦራቶሪ ጠራት፤ መጣች። የጨረር መለኪያውን ወደ እኔ አስጠጋ፤ ጸጥ። ወደተመታው ፕላስቲክ አስጠጋ፤ ጸጥ። እሷ ክንድ ጋ ሲደርስ መሣሪያው ጠጠጠጠ እያለ አበደ! ለካ በጨለማ የሚያበራው አሮጌ የእጅ ሰዓቷ ነው፤ ቁጥሮቹ የተቀቡት ጨረር ባለው ቀለም ኖሯል። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችውና፣ "ታዲያ እኔስ የት ልደር ነው?" ብላ በሳቅ ፈነዳች። ሳቋ ሁላችንንም ያዘን። ማምሻውን ክፍሌ በር ላይ አንድ ጠርሙስ የኮመጠጠ ኪያር አስቀምጣልኝ አገኘሁ።

በዚያው ሰሞን ፕላስቲኩን አየር በሌለበት ዕቃ አሽጌ ጨረር አስመታሁት፤ ለካ ጨረሩን እያገዘ ፕላስቲኩን የሚበላው አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነበር። አውጥቼ አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት፤ አልተሰባበረም። ቆሻሻ ውሃ አሳለፍኩበት፤ ኩልል ብሎ ወረደ። አስተማሪዬን አቅፌ ዘለልኩ፤ በእነሱ ወግ ነውር ይሁን አይሁን ማን ጠየቀ!

ፖስታ ቤት ተሰልፌ የሰፈራችን ባለሱቅ ጋሽ ሸምሱ ጋ ደወልኩ፤ ስልክ ያላቸው እሳቸው ናቸው። አባቴን አስጠሩልኝ።

"አባዬ፣ ፕላስቲኩ አልተሰባበረም!"

"ምን?"

"አልተሰባበረም!"

ወደ ሰዉ ዞሮ "አልተሰባበረም አለች!" ሲል ሰማሁት። ምኑ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሱቁ በእልልታ ተናጋ። የእናቴን ለየሁ፤ የጎረቤታችንን የእትዬ በላይነሽን ለየሁ። አንዷን ግን ማን እንደሆነች አላወቅኳትም፤ ከሄድኩ ወዲህ ሰፈር የገባች ሙሽራ ትሆናለች። እየሳቅኩ እንባዬ መጣ፤ ለከፍተኛ ትምህርት ሌላ ሦስት ዓመት እንድቆይ እንደተፈቀደልኝ ገና አልነገርኳቸውም።