ስም ያለበት ገጽ

አጎቴ ቅዳሜ ከሰዓት ከልደታ ኮንዶሚኒየም በእግራቸው ወደ ሜክሲኮ ይሄዱ ነበር፤ አስፋልት ዳር ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ደንበኛ ነበራቸው። ማንንም አያስከትሉም። «መጽሐፍ ፍለጋና ንስሐ ለብቻ ነው» ይላሉ። እኔም አንድ ቀን ብቻ፣ በአጋጣሚ እዚያው አገኘኋቸው።

አንድ መጽሐፍ አንስተው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ። የቀድሞው ባለቤት ስሙን ጽፎበታል። አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ።

ሻጩ ሳቀ። «አባባ፣ ሰውየው በሕይወት ቢኖርስ?»

«መጽሐፉን ሸጦ እየኖረ ከሆነማ ይብስ ያስፈልገዋል።»

አጎቴ አርፈው አርባቸው ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው ጠሩኝ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የመጽሐፍ መደርደሪያቸው የቆመበት ቦታ ለልጅ ልጃቸው አልጋ ተፈለገ። «ሻጩን ታውቀው የለ፤ ውሰድልኝ» አሉኝ። አልተከራከርኩም። መጽሐፎቹን ካርቶን ውስጥ ስከት እያንዳንዱን ገለጥኩ። የማላውቃቸው ሰዎች ስም ሞልቷል። የእሳቸው ግን አንዱም ላይ የለም። መደርደሪያው ሲነሳ ከኋላው ያለው ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ነጭ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ካርቶኑን ከማስረከቤ በፊት አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። በየመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከቀድሞው ባለቤት ስም ሥር፣ የአጎቴን ስም ከነክርስትና ስማቸው ጻፍኩ።

ሻጩ ካርቶኑን ተቀበለኝና የላይኛውን መጽሐፍ ገለጠ። ስሙን አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።