ሸዋወርቅ አንድ መልስ ብቻ አትቀበልም

ስለ ሸዋወርቅ ቁመት ካወራሁ ትቀየመኛለች፤ አጭር ናት ብዬ ልለፈው። ድምፅዋ ግን መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤታችን ተነሥቶ ከአጥሩ ውጪ ያሉትን ቲማቲም ሻጮች ያስደነግጣል። ደብረ ሲና ተወልዳ፣ የመቀሌ ሰው አግብታ፣ እዚሁ ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የመምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን አንድ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትከራከር «እሺ» ስትል የሰማኋት ትዝ አይለኝም።

ጦርነቱ ሲጀመር ዘመዶቿ ደውለው «ቶሎ ነይ» አሏት። «ክፍሌን ለማን ትቼ?» ብላ መለሰች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ትምህርት ቤቱ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኖ መማሪያ ክፍሎቹ በሰው ሲሞሉ፣ እሷ ጠመኔ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ ብዬ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

አሁን ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ የምታስተምረው ክፍል የተጀመረው ያኔ ኮሪደሩ ላይ ነው። አሥራ ሰባት ሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹን ጦርነቱ፣ አንዳንዶቹን ኑሮ ከትምህርት ያስቀራቸው፤ የሁሉም ታላቅ ከገጠር ሁለት ልጆች ይዛ የመጣችው ኣኽበረት ናት።

ሸዋወርቅ በየወሩ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ትመርጥና የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዳ፣ ገልብጣ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ሴቶቹ የቃሉን ትርጉሞች ከየቤታቸው እያመጡ ይጽፉበታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ትርጉም ያመጣች ሴት የምታውቀው ሰው ያለበት ዓረፍተ ነገር መሥራት አለባት።

«ሰው የሌለበት ትርጉም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» ትላለች።

ኅዳር ላይ የመረጠችው «ረን» የሚለውን ነበር። መሮጥ ነው፣ አለቀ፣ ብዬ ነበር እኔ። አላለቀም። ሉላ ረቡዕ ዕለት የቧንቧው ውኃ መፍሰሱንና የልጇን ልብስ ማጠቧን ጽፋ መጣች፤ ውኃው ከዓይናለም ጉድጓዶች እኛ ሰፈር የሚደርሰው ደስ ሲለው ስለሆነ ቀኑን አትረሳውም። ፊርዶስ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ያላትን ሻይ ቤት እንደምትመራ ጻፈች። አንዷ የወንድሟ ወፍጮ መሥራቱን፣ አንዷ የልጇ አፍንጫ መፍሰሱ አልቆም ማለቱን፣ ሌላዋ አጎቷ ለዕድር ሊቀ መንበርነት መወዳደሩን አመጣች። ሁሉም በዚያችው በአንዲት ቃል! ከረጢቱ ሞልቶ ሌላ ተቀጠለለት።

«እንግሊዞች ቃል አጥሯቸው ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ።

«አይደለም፤ ያላቸውን ስለሚያሠሩት ነው» አለችኝ። «አንተ ብትሆን ጡረታ ታወጣው ነበር።»

በዚህ መሀል ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ሕዝቅኤል ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከፎርም ውጪ ማሰብ ግን አይሆንለትም። መማሪያ ክፍል ስለጠበበ የሴቶቹ ክፍል ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለው በፈተና ይወሰናል አለ። አሥር ቃላት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ተመሳሳይ ቃል፤ መልስ መጻፊያ አንድ መስመር። አምስትና ከዚያ በላይ ያገኙት ዘጠኝ ካልሞሉ ክፍሉ ይዘጋል።

የፈተናው መልስ ከፈተናው በፊት እጄ ገባ። እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ። ለሸዋወርቅ አቀበልኳት።

«አሥር ቃል ነው፤ በአንድ ቀን ይሸመድዱታል።»

ወረቀቱን አየት አድርጋ መለሰችልኝ። «ሔሩይ፣ እነዚህ ሴቶች ስንት ነገር ተሰርቀዋል። አሁን ደግሞ እኔ ሌባ ላድርጋቸው?»

«ክፍሉ ይዘጋል እኮ!»

«በሌብነት ተከፍቶ ከሚውል ይዘጋ!»

ተናደድኩባት። ግትር ነሽ አልኳት። ዛሬም ግትር ናት እላለሁ።

ፈተናው ተሰጠ። ሕዝቅኤል እኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በቀይ እስክሪብቶ አረመ። ስምንት ሴቶች አለፉ። ዘጠነኛ አልተገኘም። በጣም የተጠጋችው ኣኽበረት ነበረች፤ አራት አግኝታ አምስተኛው «ረን» ላይ ተሰረዘባት። በመልስ ወረቀቱ ላይ ያለው «ፍሊ» ነው፣ መሸሽ ማለት። እሷ የጻፈችው ግን «ማኔጅ» ነበር፣ መምራት።

ሸዋወርቅ ተነሥታ በሩን ከፈተችና ኣኽበረትን ጠራቻት። «እኔን ሳይሆን እሷን ጠይቃት» አለችው።

የተነጋገሩት በትግርኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ላምጣው።

«ሓፍተይ፣ እህቴ» አለ ሕዝቅኤል ለስለስ ብሎ፣ «ረን ማለት መሸሽ እንደሆነ አታውቂም?»

«እወ፣ መምህር፣ ዐውቃለሁ። አንዱን ልጄን አዝዬ፣ አንዱን እየጎተትኩ ስምንት ቀን ተምሬዋለሁ» አለች። አላለቀሰችም። «አሁን ከአራት ሴቶች ጋር የአትክልት መሸጫ አለን፤ የምመራው እኔ ነኝ። እናንተ የሰጣችሁኝ አንድ መስመር ነው። በአንዷ መስመር የደረሰብኝን ልጻፍ ወይስ የምሠራውን?»

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዓይኔ ውስጥ የገባው ጠመኔ ነው ብል ማንም አያምነኝም።

«የመልስ ወረቀቱ አንድ መልስ ብቻ ነው የሚለው…» አለ ሕዝቅኤል።

ሸዋወርቅ ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላቷን ገልጣ ፊቱ አኖረችው። «የመልስ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ተሳስቷል። ይኸው፣ አንብብ። ካላመንክ ሌላ መዝገበ ቃላት አስመጣና እሱንም አንብብ። እኔ አልቸኩልም።» እጇን አጣጥፋ ከፊቱ ቆመች።

ሕዝቅኤል በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ገጹን ገለጠ። ቃሉ እዚያም ይቀጥላል፤ እንደገና ገለጠ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ የኣኽበረትን ወረቀት ስቦ አራት የሚለውን ሰረዘና አምስት ጻፈ። ዘጠኝ ሞላ።

ውሳኔውን ፎርሙ ላይ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት። ሸዋወርቅ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «እስከ ሰኔ ይቀጥል።» ቀና አለች። «ለምን እስከ ሰኔ?»

«ሰኔ ላይ ሌላ ፈተና ስላለ» አለ እስክሪብቶውን እየከደነ።

ሸዋወርቅ አፏን ስትከፍት ኣኽበረት ቀደመቻት።

«ጽቡቕ፣ መልካም፣ እንፈተናለን» አለች። «መስመሩን ግን ጨምሩት።»