ነቀርሳ የሚለው ቃል

ታቢታ ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው መንጭቃ አወጣችና ጨምድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ሦስተኛው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ጣቶቿ እስከ አራተኛው መስመር ድረስ ሳይደናቀፉ ሄደው «ካ» የሚለውን ፊደል መቱና ቆሙ። ቀሪውን «ንሰር» መምታት አቃታት።

ከመኪናው በስተግራ ከአዲስ አበባው ሆስፒታል የመጣው ደብዳቤ ተዘርግቷል። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ደስታነሽ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከአንገቷ ተቆርጦ የተመረመረው ዕጢ ካንሰር ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥር ሃያ ስምንት ቀን መድኃኒት ትጀምር፤ ከዚያ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ ለስድስት ወር ትመላለስ፣ ይላል። ደስታነሽ የታቢታ ልጅ ናት። ሌላ ልጅ የላትም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ገብረጻድቅ ደብዳቤውን ትናንት በሁለት ጣቱ ይዞ መልሶላታል። «ጓድ ታቢታ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ማስረጃ እንዴት አድርጌ ነው የማምነው? ወደ አማርኛ መልሰሽ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ ማኅተም አስመትተሽ አምጪ» አላት። የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው እሱ ነው። ለምርመራው አንዴ ሰጥቷታል። አሁን የምትጠይቀው የስድስት ወር ነው። ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነው፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአዋሳ አውቶቡስ መሳፈር ትርፉ ሻሸመኔ ኬላ ላይ መውረድ ነበር።

ታቢታ በጤና መሥሪያ ቤቱ ለአሥራ ሁለት ዓመት ታይፒስት ናት። በቤቷ ያደገችው በሲዳምኛ ነው፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተማረች፣ እንጀራ የምትበላው በአማርኛ ነው። ባሏ ሽበሺ በ1970 ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። ከታይፒስቶቹ ሁሉ ጽሑፏ ሳይታረም የሚፈረምላት እሷ ብቻ ናት። አለቆቿ ስለ እሷ ሲያወሩ ከዚህ ሌላ የሚሉት ነገር የላቸውም።

ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ኃላፊው ያስለጠፈው ዝርዝር አለ። የባዕድ ቃላትና የአማርኛ ምትካቸው። «ሪፖርት» የሚለው «ዘገባ» ይባል ይላል። ኃላፊው ራሱ ጠዋት ጠዋት «ሪፖርቱ የታል?» እያለ ነው የሚገባው። ታቢታ ቀና ብላ ዝርዝሩን አየች። ከታች ወደ ላይ ሰባተኛው ላይ «ካንሰር» አለ። ምትኩ «ነቀርሳ» ነው።

አራተኛውን ወረቀት አስገባች። «የንፍፊት ነቀርሳ» ብላ መታች። ጣቷ አልተያዘም። አገርኛ ቃል ነው፤ ሲመቱት አያቃጥልም።

በማግስቱ ገብረጻድቅ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበና ፊቱ በራ።

«ታዲያ ይኼ ነው እንዴ?»

«ምኑ?»

«ነቀርሳ ነዋ! ሰው እንዲህ ታስደነግጪያለሽ? እኔ እኮ ስሙ የማይጠራው መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ሳዝንልሽ አደርኩ።» ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ታናሽ ወንድሜን ታውቂው የለ? ደም እየተፋ ነበር። ስልሳ መርፌ ወጉት፤ ዛሬ ቱላ ሂጂና እዪው፣ ወይፈን ሆኗል። አዲስ አበባ ድረስ ምን ያንከራትትሻል? የነቀርሳ ክፍል እዚሁ ጤና ጣቢያ አለ። በነፃ ነው።»

ታቢታ አፏን ከፈተች። ሰው ነቀርሳ ሲል ሁለት ነገር ሊል እንደሚችል ታውቃለች። አንዱ የሳንባው ነው፤ ሕዝቡ አሳጥሮ ነቀርሳ ይለዋል፣ መርፌና ክኒን ያድነዋል። ሌላው ከአዲስ አበባ በመጣው ደብዳቤ ላይ ያለው ነው። «ይኼ የሳንባው አይደለም» ብትል ይበቃ ነበር። አላለችም። ከአዲስ አበባ ከተመለሰች ወዲህ ልጅሽ ትድናለች ያላት የመጀመሪያው ሰው ገብረጻድቅ ነው።

«እዚሁ ትታከማ» አለ፣ ለጤና ጣቢያው ሊጽፍ ብዕሩን እያነሳ።

«እሺ» አለች።

ውሸት አልተናገረችም። እሺ ነው ያለችው።

ቤታቸው ባህል አዳራሽ አጠገብ አንድ ክፍል ነው። የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሱ የሚቀመጠው ፍራሽ ሥር ነበር። ታቢታ የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ ለአራት አጥፋ መጽሐፉ ውስጥ ከተተችና ፍራሹን መለሰችበት። ጥር ሃያ ስምንት ቀን መጣ፣ ሄደ። አዲስ አበባ አልሄዱም።

የነቀርሳው ክፍል ድሬሰር ጠሀ ይባላል። ሃያ ዓመት መርፌ የወጋ፣ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ደስታነሽ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ትሄዳለች። አንገቷን በሻሽ ትጠቀልላለች። እብጠቱን ሎሚ ትለዋለች።

«ሎሚዋ እንዴት አደረች?» ይላል ጠሀ።

«ደህና አድራለች፣ ጋሽ ጠሀ። እርስዎን ነው የምትፈራው።»

«ትፍራ። የኔ መርፌ ድንጋይ ይፈታል።»

«ድንጋዩ እንዳለ ነው፣ የተፈታሁት እኔ ነኝ። መቀመጥ አቅቶኝ ሒሳብ ክፍለ ጊዜን ቆሜ ነው የምማረው።»

በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ጎደለ። ታቢታ በጣቷ ለካችው። ጎድሏል። ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች መጥታ ዳሰሰችና እልል አለች። የዚያን ቅዳሜ ደስታነሽ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሐይቁ ዳር ሄዳ ዓሣ በልታ መጣች፤ ሻሿን በእጇ ይዛ ነበር። ታቢታ በዚያ ሰሞን የአዲስ አበባ ሐኪሞች ተሳስተው ይሆናል ብላ ማሰብ ጀመረች። ከዚያ ማሰቡን ተወችና አመነችው።

በአርባኛው መርፌ ጆሮዋ ይጮህ ጀመር።

«ጋሽ ጠሀ፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ቤት ከፍተዋል» አለችው።

«የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ቻይው።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ ስለ እኔ ነበር ለካ።»

ጠሀ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ካርዷን ረዘም ላለ ጊዜ ሲያየው ቆየ። ማታ ከሥራ ስትመለስ ታቢታን መንገድ ላይ ጠበቃት።

«እቴ፣ ልጅቷ አታስልም። አክታዋ ሦስቴ ተመርምሮ ንጹሕ ነው። የአዲስ አበባውን ዋናውን ወረቀት እስቲ አሳዪኝ።»

«ቀበሌ ወስዶታል» አለች ታቢታ።

ይኼ ውሸት ነበር። የመጀመሪያው ይኼ ነው። ጠሀ «እንግዲህ እንጨርሰዋ» ብሎ ሄደ።

ስልሳው መርፌ መጋቢት መጨረሻ ላይ አለቀ። ሚያዝያ ሲገባ ሎሚዋ ተመለሰች። ብቻዋን አልመጣችም፤ በግራም በቀኝም፣ ብብቷም ሥር። ሌሊት ሌሊት በላብ ተጠምቃ ታድራለች። ገላዋን እያከከች ታደማዋለች። ከጤና ጣቢያው በር እስከ ጠሀ ክፍል ያሉትን ሃያ እርምጃዎች ሁለት ጊዜ ሳታርፍ መሄድ አልቻለችም። ትንፋሽ ስለሚያጥራት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። በአንድ ወር ውስጥ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አስጠበቡላት።

ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን ታቢታ ፍራሹን ገለበጠች። ደብዳቤውን ለጠሀ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ጠሀ መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ አነበበ። እንግሊዝኛው የድሬሰር ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ዘገምተኛ ነው፤ ግን ደረሰ። ጣቱ አራተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«እቴ ታቢታ፣» አለ፣ «ይኼ የእኔ ነቀርሳ አይደለም።»

ታቢታ የደብዳቤውን እጥፋት በመዳፏ አስተካከለች።

«ስልሳ መርፌ ወግቻታለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ጠሀ ነጭ ጋውኑን ሳያወልቅ ወደ ቀበሌ ሄደ። እዚያ ምን እንዳለ አልተናገረም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሁለት ሰው የይለፍ ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

አዲስ አበባ ግንቦት ሁለት ቀን ገቡ። የሕፃናት ክፍል ነርሷ እዚህ እስከ አሥራ አራት ዓመት ነው አለች። የአዋቂዎቹ ክፍል ነርስ ይቺ ገና ልጅ ናት፣ የሕፃናት ውሰዷት አለ። ግማሽ ቀን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሕፃናት ክፍል አንድ አልጋ ተገኝቶ ቢሞከር እግሯ ከጉልበቷ በታች ውጪ ቀረ። በመጨረሻ አዋቂዎቹ ክፍል በሁለት አሮጊቶች መካከል አስተኟት።

በስተቀኝ ያሉት አሮጊት ትራስ ላይ ቀና ብለው አዩአት።

«ልጄ፣ ማንን ልትጠይቂ ነው የመጣሽው?»

«ራሴን፣ እማማ» አለች ደስታነሽ።

ዶክተር ጸሐይወርቅ ያንን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የፈረመችው ሐኪም ናት። የደስታነሽን የደረት ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየች። ፊልሙን ዝቅ ስታደርግ ታቢታን አላየቻትም።

«የት ነበራችሁ?»

«አዋሳ።»

«ቀጠሮዋ ጥር ላይ ነበር። ዛሬ ግንቦት ነው።» ከጋውኗ ኪስ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣች። «ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ያሉትን ለብቻቸው እመዘግባለሁ። አንዱ ክፍል አይቆጥራቸውም፣ ሌላው ከሽማግሌ ጋር ይቀላቅላቸዋል። እንደ እሷ ያለ ሕመም ይዟቸው በጊዜው የመጡ ሰባት አሉኝ። አምስቱ ዛሬ ቤታቸው ናቸው። አንዱ ደግሞ አግብቷል።» ብዕሯን ከፈተች። «ይኼ ሕመም ከወጣት ላይ ነው የሚለቀው። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ። ለምን ዘገያችሁ? እዚህ ጋ መጻፍ አለብኝ።»

ደብተሩ ላይ በመስመር የተከፈለ ጠባብ ቦታ አለ። ታቢታ አየችው። አንድ ቃል ይበቃዋል።

«የይለፍ ወረቀት ከለከሉኝ» አለች።

ዶክተሯ ጻፈችው። ደብተሩን ዘግታ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ደስታነሽ ትራሷን ተደግፋ እናቷን ታያለች።

«እማ።»

«ወይ።»

«ደብዳቤውን እኮ አንብቤዋለሁ።»

«የቱን?»

«መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ የነበረውን። ፍራሽ ሳራግፍ አገኘሁት። ጥር ላይ።»

ታቢታ እጇን ከአልጋው ጠርዝ ላይ አነሳች። «ገብቶሽ ነበር?»

«በእንግሊዝኛ ከመቶ ዘጠና አንድ አለኝ፣ እማ። ያልገባኝን ቃል ደግሞ ከትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት ፈልጌዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቺስ?»

አሮጊቷ ውኃ ጠየቁ። ታቢታ ተነሥታ ቀዳችላቸው። ስትመለስ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ድረስ ሳበችላት። ተኝታ ይሁን አይሁን አልጠየቀችም።

መድኃኒቱን አንድ ጊዜ ሰጧት። ሁለተኛውን ለመስጠት ደሟ አልተመለሰም። ጸጉሯ በእፍኝ ትራስ ላይ ሲቀር ደስታነሽ ሰብስባ በጋዜጣ ጠቀለለችውና ለእናቷ ሰጠቻት። «ይኼንን እንኳ በነፃ ነው ያገኘሽው» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቀለደችም። ትንፋሿ ለቀልድ አይተርፍም ነበር። ሰኔ ሲብት ዶክተር ጸሐይወርቅ ታቢታን ኮሪደር ላይ አቁማ ወደ ቤት ውሰጃት አለቻት። አውቶቡሱ ላይ የኋለኛውን ወንበር ተሳፋሪዎች ለቀቁላቸው። ሻሸመኔ ኬላ ሲደርሱ ወታደሩ የይለፍ ወረቀታቸውን አላየም። ልጅቷን አየና በእጁ እለፉ አለ።

ደስታነሽ ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቷ ሞተች። ተቀምጣ ነበር።

የዕድሩን ድንኳን ተሸክሞ የመጣው ገብረጻድቅ ራሱ ነው። ካስማውን መትቶ ከጨረሰ በኋላ ላቡን እየጠረገ ታቢታ አጠገብ ተቀመጠ። «እኔ እኮ የምትድን መስሎኝ ነበር» አላት። «ወንድሜ ድኗል። ነቀርሳ እንዲህ ጨካኝ መሆኑን አላውቅም ነበር።» ቀጥሎም «የኔ ጥፋት አለበት?» ሲል ጠየቃት። ጠሀ በማዶ ተቀምጦ ይሰማል፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

ታቢታ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለች። ገብረጻድቅ እፎይ ብሎ ውኃ ሊቀዳ ተነሣ።

በሐምሌ የዓመቱ የጤና ዘገባ ለመተየብ ታቢታ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ቅጹ ላይ ካንሰር የሚል ረድፍ የለም። ደስታነሽ የተቆጠረችው በጥር በተመዘገበችበት ረድፍ ነው። «በነቀርሳ የሞቱ፦ አርባ አንድ» ይላል። ታቢታ በአራት ግልባጭ መታችው። ኃላፊው ሳያርመው ፈረመበት።