ከታች ላለው ሰው

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ከብት ሊያመጣ ወደ አሬሮ በሄደ ቁጥር እናቴ ማታ ማታ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ቤት ውስጥ ባይኖር እንኳ የጎረቤት በቆሎ ተቀብላ ትፈለፍላለች። እጇ ሥራ ካልያዘ ሐሳብ እንደሚያሸንፋት ያኔ አላውቅም ነበር።

የምንኖረው ነጌሌ ውስጥ፣ በከብት ነጋዴው በሐጂ ኢብራሂም ግቢ፣ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር። አባቴ የሐጂ ከብት ነጂ ነበር። በረታቸውን የሚጠብቁት ሽማግሌ አባ ጃታኒ ይባላሉ፣ የቦረና ሰው ናቸው። ሲመሽ ከበረቱ በር ላይ የግራር ግንድ ያነዳሉ፣ እኛም ለኩራዝ የሚሆነውን ጋዝ ለመቆጠብ ብለን ከእሳታቸው ዳር እንቀመጣለን። ጭሱ ከከብቱ ሽታ ጋር እየተቀላቀለ ዓይናችንን ያቃጥለን ነበር፤ ግን ተረት ነበረና አንነሳም። አማርኛቸው ወንዱን ከሴት አይለይም። እኔንም «ስማ፣ ኢንተላ» ይሉኛል፣ አንቺ ልጅ ስሚ ማለታቸው ነው፤ እንዳልስቅ የነጠላዬን ጫፍ እነክሳለሁ።

ያን ዓመት አባቴ «ለፋሲካ እደርሳለሁ» ብሎ ወጣ። ዝናቡ ቀደመው። ዳዋ ወንዝ ሞላ ተባለ፣ ከማዶ የሚመጣው ሰውም ወሬም ቀረ። የፋሲካ ዕለት ጾሙን ከሐጂ ቤት በተላከልን ወተት ፈታን። እናቴ ለበዓሉ የገዛችውን ቀይ ዶሮ ግን አላሳረደችም። እግሩን ከምሰሶው እንዳሰረችው «ባለቤቱ ሲመጣ» አለች።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አንድ እረኛ፣ ከብት ሲያሻግር የነበረ ሰው ጎርፍ ከነበሬው ሲወስደው አየሁ ብሎ ለገበያተኛ አወራ። የሰውየውን ስም አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔ ስደርስ ትልልቆቹ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ክፉ ሴት አልነበሩም። መጥተው ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡና በቆሎውን አብረው እየፈለፈሉ፣

«እህቴ፣ እርምሽን አውጪ» አሏት። «እኔ የወንድሜን ሬሳ አላየሁም። ግን አለቀስኩ፣ ወጣልኝ። እንዲህ ተንጠልጥሎ መኖር ሰው ይገድላል። እድሩም ድንኳኑን ቅዳሜ እንትከል እያለ ነው።»

እናቴ ሌላ በቆሎ አንስታ መፈልፈሏን ቀጠለች። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የገባኝን ለማንም አልነገርኩም፦ ድንኳኑ ተተክሎ ለቅሶ ከተቀመጥን፣ አባቴ የትም ይሁን የት፣ ያን ጊዜ ይሞታል። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ሮጬ ዶሮውን አያለሁ። ቆሞ ካገኘሁት እተነፍሳለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ አባ ጃታኒ የጅቡንና የጦጣዋን ተረት ተዉት።

«ስማ፣ ኢንተላ» አሉኝ። «እኛ አገር፣ አሬሮ ወገን፣ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ውሃ ስንቀዳ ሰው ከሰው በላይ ይቆማል፣ እንደ መሰላል። ኦኮሌው፣ ያ የቆዳ ባልዲ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። እየዘፈንን ነው። ዘፈን ከቆመ እጅም ይቆማል። እዚያ ውስጥ ደከመኝ አይባልም፣ ነውር ነው። የደከመው ሰው በላዩ ላለው ‹ጀባዱ› ይላል፣ በርታ። ከታች ውሃው ውስጥ የቆመው ደግሞ ሰማይ አያይም። ከላይ ሰው መኖሩን በምን ያውቃል? በዘፈኑ።»

ከዚያ ስለ ቦሩ ነገሩኝ። አብሯቸው ያደገ ጓደኛቸው ነበር። አንድ በጋ ቦሩ ከታች ቆሞ ሳለ የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደበት። በቃ ውጡ፣ የቀረውም ይናዳል ያለ ሰው ነበር። እነሱ ግን ውሃ ሲያመላልሱበት በነበረው ባልዲ አፈሩን እያመላለሱ፣ እየዘፈኑ ቆፈሩ።

«ቦሩ ወጣ?» አልኳቸው።

«ነገ» አሉኝ።

በማግስቱም ጠየቅኳቸው። «እየቆፈርን ነው» አሉ። በሦስተኛው ማታ የእናቴ እጅ በቆሎው ላይ ቆመና ራሷ ጠየቀች፣ «አባባ፣ ሰውየው ወጣ?»

«እየቆፈርን ነው፣ ልጄ።»

ዓርብ ሊመሽ ሲል የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን እንጨት ተሸክመው መጡና ከአጥሩ ሥር አጋደሙት። ካፊያ ነበር። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች፤ ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ አዙራ እንዳትለብሰው እጇን እጇን አየሁ። አላዞረችውም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሞቼ» አለች ቀስ ብላ። «እንጨቱን መልሱልኝ። ሞቶም ከሆነ አምላክ ያሳየኛል። እስኪያሳየኝ ግን ስሙን ከሕያዋን አውጥቼ ከሙታን ጋር አልጠራውም።»

«ታዲያ በዚህ ዝናብ ለምን አስለፋሽን?» አለ አንዱ፣ እንጨቱን መልሶ እየተሸከመ። ከእሳቱ ዳር የአባ ጃታኒ ድምፅ ብቻ ተሰማ፣ «ጀባዱ።» ጮክ አላሉም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ከፊተኛው ይብስ ነበር። ሰው ተቀይሞን ይሁን አፍሮ፣ ደጃችን አልመጣ አለ። የሐጂ ባለቤት ብቻ ወተት ይዘው ብቅ ይሉና «ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ» ብለዋት ይሄዳሉ። ማታ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ የእናቴን ጸሎት አዳምጣለሁ። የሕያዋኑን ስም ስትጠራ አያቴን አልፋ፣ አጎቴን አልፋ፣ ወደ እሱ እስክትደርስ ትንፋሼ አይወርድም። ስሙ ሲጠራ ብቻ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጨው የጫነ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ከጆንያው ላይ አንድ ከሲታ ሰው በሁለት ሰዎች ተደግፎ ወረደ፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጎርፉ እግሩን አቁስሎ ዳር ላይ ጥሎት፣ ከወንዙ ማዶ አንድ እረኛ ቤት በወባ ተይዞ ከርሞ ነበር። ግቢው ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን አየና፣

«ይሄ ዶሮ ለየትኛው ፋሲካ ነው?» አለ።

እናቴ አልሳቀችም። መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ከእቅፏ በቆሎው ተበተነ፣ ዶሮውም ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ እየለቀመ በላ።

እኔ ጥያቄ ነበረኝ። «አባዬ፣ እማዬ በየማታው ስምህን ስትጠራ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም፣ ልጄ። የወንዙ ድምፅ ብቻ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔስ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

መልሱ ቅር አሰኘኝ። ማታ ዶሮው ተበልቶ ሁላችንም እሳቱን ከበን ስንቀመጥ ወደ አባ ጃታኒ ዞርኩ።

«አባባ፣ አሁን ይጨርሱልኝ። ቦሩ ወጣ?»

«ወጣ።»

«በሕይወቱ?»

ግንዱን ገፋ አደረጉት፣ ፍንጣሪው ተነሳ። «የለም። ስናወጣው በርዶ ነበር።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ያን ሁሉ ማታ ያልጨረሱላት ለምን እንደሆነ ያኔ የገባት ይመስለኛል።

«ታዲያ ለምን ዘፈናችሁ?» አልኩ።

«መሞቱን ማን ነገረን?» አሉኝ። «ከታች እየሰማ ቢሆንስ?»

ትምህርት ቤት ስገባ መምህራችን ጽናት የሚለውን ቃል በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፎ አስጠናን። ጥሩ ቃል ነው፣ ፈተናውንም አልፌበታለሁ። ለእኔ ግን ያ ነገር ዛሬም ድረስ የበረት ጭስ ይሸተኛል፤ ጀባዱ፣ ሶብር፣ አይዞሽ እያለ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል። አባቴ በመመለሱ ብቻ የእናቴን ነገር ትክክል ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ የቦሩ መጨረሻ ባዶ እጄን ያስቀረኝ ነበር።

አሁን እኔም እናት ነኝ። መካከለኛው ልጄ በዶሎ በኩል ድንበር ተሻግሮ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሰዎች ይመክሩኛል፣ ክፋት የላቸውም፣ እኔም እትዬ አስካለን እያሰብኩ በደንብ እሰማቸዋለሁ። ልጄ ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም። ሲመሽ ጥቂት በቆሎ እፈለፍልና ለጸሎት እቆማለሁ፤ ስሙንም ከሕያዋን ጋር እጠራዋለሁ።