ለእማማ ዘነበች የሠራሁት ቅንጬ

ከድሬዳዋ የወጣሁበት ሌሊት ሙቀቱ ቤት ውስጥ አላስተኛ ብሎን ግቢ ምንጣፍ አንጥፈን ነበር የተኛነው። ተኛን ማለቴ፣ የተኛችው ልጄ ኢክራም ብቻ ናት፤ ገና ዓመቷ ነበር፣ ደረቴ ላይ። ባለቤቴ ሂክማ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። ጎህ ሲቀድ ባጃጁ በር ላይ ደረሰ፤ ልጅቷን ቀስ ብላ ከደረቴ አነሳችና፣ "አቦ ሂድ በቃ፣ ከነቃች አትለቅህም" አለችኝ። ሸሚዜ በልጄ ላብ እንደራሰ ሄድኩ።

ስሜ ጀማል ነው። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ፈጢራ እሠራ ነበር። ሊጡን እስኪያሳይ ድረስ አሳስቼ፣ እንቁላሉን ሸፍኜ፣ ማሩን አፍስሼ። ያው እጄ ነው ዱባይ ሆቴል ያስቀጠረኝ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከዱባይ አንስቶ፣ ከቴክሳስ፣ ከጋልቬስተን ወደብ ሽርሽረኛ ይዞ የሚነሳ ትልቅ መርከብ ላይ የቁርስ አብሳይ ያደረገኝ።

ወገኖቼ፣ የሰውን ጠባይ ማየት የፈለገ ቁርስ ላይ ይቁም። ማታ ማታ ሁሉም ያላየውን ልቅመስ ይላል፤ ጠዋት ግን ባሕር መሃል ሆኖም የእናቱን ቤት ነው የሚፈልገው። የቴክሳስ ሰው ቢስኬት የሚሉትን ለስላሳ ዳቦ ነጭ መረቅ ያለብሰዋል፤ መጀመሪያ ሳየው የግድግዳ ኖራ መስሎኝ ነበር። የሉዊዚያናው ግሪትስ ይላል፣ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ አንዱ ስኳር ሲነሰንስበት ያየ ጎረቤቱ "ጨው ነው እንጂ!" ብሎ ለጠብ ይጋበዛል። እንግሊዞቹ የተጠበሰ ዳቦ ላይ ባቄላ ይደፋሉ። ፉል አገኘሁ ብዬ ደስ እያለኝ ብቀምሰው፣ ይጣፍጣል! ስኳር! ለሜክሲኮዎቹ ያደረ ቂጣ በቀይ ስጎ እናርሳለን፤ ሌላው ቢቀር እሱ ፍርፍር ነው፣ መጀመሪያ የሠራሁት ቀን ዓይኔ እንባ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ቻይናዎች ደግሞ ከዚያ ሁሉ የተደረደረ ምግብ መሃል ቀጭን የሩዝ አጥሚት ብቻ ይዘው ይቀመጣሉ። ለሁሉም እሠራለሁ። ለእኔ ግን ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ሰሞን ረመዳን ነበር፤ ሳልቀምስ ነበር የማበስለው።

ተማሪዎች ለፀደይ ዕረፍት በሚወጡበት ሰሞን በተነሳው ጉዞ፣ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ነጠላ የደረቡ አሮጊት በልጃቸው ልጅ ክንድ ተደግፈው እኔ ጋ ደረሱ። ልጅቷ ሊያ ትባላለች፣ እዚሁ ዳላስ አካባቢ ያደገች ናት።

"እማማ፣ ኤግስ? ፓንኬክ? ፕሊስ፣ ትንሽ ብላ" ትላቸዋለች፣ በተሰባበረ አማርኛዋ።

አማርኛ ስሰማ እጄ ላይ የነበረው እንቁላል ወለሉ ላይ ተፈጠፈጠ።

"እናቴ፣ ለምን አይበሉም?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ያገሬ ልጅ! ሁዳዴ ነው እኮ ልጄ። ስኳር ስላለብኝ የነፍስ አባቴ፣ መድኃኒቱን ስትወስጂ ጠዋት ቅመሽ ብለውኛል። የፍስክ ብዪ ግን አላሉኝም።"

"ባቄላውስ?"

"ማንኪያው ከዚያ ከአሳማው ወጥቶ ሲገባበት በዓይኔ በብረቱ አየሁት!"

እማማ ዘነበች የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ልጃቸው ጋሽ ብርሃኑ፣ ዳላስ አጠገብ ሌዊስቪል የሚኖረው፣ እናቱን ባሕር ላሳይ ብሎ ነው ያመጣቸው፤ ጾሙን አላሰበውም። በማግስቱ ሐብሐብ ብቻ በልተው መድኃኒቱን ዋጡ፤ ጥቂት ቆይተው ላብ በላብ ሆነው ከወንበራቸው ተንሸራተቱ። ምድጃዬን ትቼ ሮጥኩ። የመርከቡ ሐኪም መጥቶ አነቃቸውና፣ "መብላት አለባቸው" ብሎ ሄደ። ምን እንደሚበሉ ግን አልተናገረም።

መጀመሪያ ያለ እንቁላል፣ በዘይት ፈጢራ ሠራሁላቸው። እኔ የምኮራበት! ገፋ አደረጉት። "እጅህ ይባረክ። ይኼ ግን የናንተ አገር ነው። እኔ ጠዋት ቅንጬ ካልሆነ ሆዴ አይቀበልልኝም።"

ዕቃ ቤት ለሰላጣ የሚሆን የተከካ ስንዴ ነበረን። በውኃ ቀቅዬ፣ በዘይትና በሽንኩርት አዋዝቼ አቀረብኩላቸው። አንድ ማንኪያ ጎርሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ቀምሰኸዋል?"

"እኔም ጾመኛ ነኝ እናቴ።"

"እሱስ ያስታውቃል፤ ጨው የለውም!" ብለው ሳቁ። እኔም ከስንት ወር በኋላ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ አራት ጠዋት ሠራሁላቸው፤ አንድም ቀን አላዞራቸውም።

ጋሽ ብርሃኑ ሊያመሰግነኝ ፈለገ። በጉዞው መጨረሻ ለተሳፋሪ በሚሰጠው የአስተያየት ካርድ ላይ፣ ጀማል የሚባል አብሳይ ለእናቴ በየቀኑ ልዩ ምግብ እየሠራ ሕይወቷን አተረፈልኝ ብሎ ጻፈ። ያ ምስጋና ነው የበላኝ። ዋናው ሼፍ ጠራኝ፤ ካርዱን እንደ ክስ ወረቀት ይዞታል።

"ይህ ምግብ ሜኑ ላይ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ለማን ሠራኸው?"

"ለተራበች ሴት።"

"እዚህ መርከብ ላይ የተራበ ሰው የለም" አለኝ። ለታመመ ተሳፋሪ ያልተፈቀደ ምግብ በመስጠቴ ውሌ ይቋረጣል፤ ከሚቀጥለው ጉዞ በኋላ ወደ አገሬ እሸኛለሁ።

ለሂክማ ደወልኩ። ሰማችኝና፣ "አትምጣ" አለች። "መጥተህ ሁለታችንም ልጅቷ ላይ ልናፈጥ ነው? ወርደህ ቅር።"

ጋልቬስተን ስንደርስ ፓስፖርቴ እንደ ሁሉም ሠራተኛ ፓስፖርት መርከቡ ቢሮ ነበር። እኔ ለጥቂት ሰዓት መውጫ የምትሰጠዋን ካርድ ብቻ ይዣለሁ። በሩ ላይ ያለው መኮንን፣ "የት ነው?" አለኝ።

"ለልጄ መጫወቻ ልገዛ።"

"ዛሬውኑ እንነሳለን። ከዘገየህ መርከቡ ጥሎህ ነው የሚሄደው!" አለኝ፣ ሊያስፈራራኝ ብሎ።

ጋሽ ብርሃኑ መኪናውን ፓርክ ካደረገበት ስፍራ አገኘኋቸው። የሆነውን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። "ጀማል፣ ማለቴ... ይኼ ነገር ለኔም ፕሮብለም ነው" አለ። እማማ ዘነበች የኋላውን በር ራሳቸው ከፈቱት። "አንተ ነህ በወረቀትህ ያስባረርከው" አሉት ልጃቸውን። ወደ እኔ ዞረውም፣ "ግባ ልጄ።" አምስት ሰዓት ተኩል ነዳን። ሊያ መንገዱን ሙሉ ስልኳ ላይ ከመርከብ ስለሚቀር ሠራተኛ ሕጉን ስታነብ ነበር፤ ጮክ ብላ ግን አላነበበችልንም።

ሌዊስቪል ቤታቸው አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። በአሥራ ሁለተኛው ጋሽ ብርሃኑ ጋራዡ ውስጥ አቆመኝ። "ሶ... የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር ልጄን ነው የማስበው። ሪስክ ነው። ኦኬ?" ኦኬ አልኩ። ከውስጥ የእማማ ድምፅ ይሰማኛል፤ "ሌባ ነው እንዴ የምታስወጣው?" እያሉ ይጮኻሉ። በፌስታል ክክ ስንዴ ቋጥረው ሰጡኝ፤ እኔ ለእሳቸው ቅንጬ የሠራሁበትን ዓይነት።

ክፍል ፍለጋ ሄድኩ። ያከራየኝ ሰውዬ ያገራችን ሰው ነው።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ምግብ አብሳይ ነኝ።"

"በጣም ጥሩ። እዚህ ቤት ማብሰል ክልክል ነው፤ ምንጣፉ ሽታ ይይዛል።"

እዚያው ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን በምትባል ከተማ አንድ ምግብ ቤት ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ሰው እንቁላሉን ግማሽ ትቶ ይነሳል፤ እኔ ፍርፋሪውን ጠርጌ እጥላለሁ። የጥገኝነት ማመልከቻዬን የያዘልኝ ጠበቃ ከመርከብ የቀረ ሰው መንገዱ ጠባብ ነው አለኝ።

"ሚስትና ልጄስ?"

"መጀመሪያ ያንተ ይለቅ።"

"የኔ መቼ ያልቃል?"

"እሱን ባውቅ ኖሮ ጠበቃ ሳይሆን ጠንቋይ እሆን ነበር" አለኝና ለብቻው ሳቀ። ይኸው ከሁለት ዓመት አለፈ። ከወጣህ ተመልሰህ አትገባም፣ ከቆየህ ሚስትና ልጅህ አይመጡልህም። ኢክራም ትምህርት ቤት ገብታለች። በቪዲዮ ስታየኝ መልሳ እናቷን ታያለች፣ ማን ነው እንደማለት።

ባለፈው ወር ሂክማ ራሷ ደወለች። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

"ሐሙስ ልወጣ ነው" አለችኝ። "ከሰዎች ጋር። በጅቡቲ፣ በኦቦክ ወደብ አድርጎ ወደ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ኢክራምን እናትህ ትይዛለች።"

"ሂክማ፣ አላህን ፍሪ! ያን ባሕር በዚያ ጀልባ?"

"አንተስ በባሕር አይደል የሄድከው?"

"ልመለስ። ነገውኑ እጄን ሰጥቼ ወደ አገሬ ላኩኝ እላለሁ።"

ከኋላዋ የልጄ ሳቅ ይሰማኛል። "ስንት ዓመት ጠበቅኩህ ጀማል" አለች። "አሁን እኔን ጠብቀኝ።" ዘጋችው።

በየቀኑ እደውላለሁ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ወደ እናቴ እደውላለሁ። "ገና ነው ልጄ፣ ገና አልደወለችም" ትለኛለች። ከዚያ ኢክራም ስልኩን ትቀበላትና፣ "እማዬ አንተ ጋ ደረሰች?" ትለኛለች።

ይህን የምጽፈው ለዚሁ ነው። ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ የመን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሂክማ ቀጭን ናት፣ ጠይም፣ ግራ ክንዷ ላይ የዘይት ጠባሳ አለ። ካገኛችኋት ጀማል ሊመለስ ነው በሏት። አይ፣ እሱን አታምናችሁም። ልጅሽ ትጠይቃለች፣ ስልክሽን ክፈቺ ብቻ በሏት።